ዕጣው ደርሶናል፣ መጣሉን አንተው

ዕቁብ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ዕጣ ያልደረሰው ሰው ተራውን እየጠበቀ በየሳምንቱ ይጥላል፤ ዕቁቡን የሚያፈርሰው ቀድሞ በልቶ የሚጠፋው ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቅን ብዙዎቻችን ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ነን።

በየዓመቱ ምዝገባ ላይ፣ ሰልፉ እያጣደፈን ሳናነብ የፈረምናት ወረቀት ነበረች። ኮስት ሼሪንግ። በ1995 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተጀመረው ይህ የወጪ መጋራት ሥርዓት የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉን በተማሪው ላይ ይጥላል። የሚከፈለውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ ነው። መምህር የሆነ በአገልግሎቱ ይከፍላል። ቀሪውን የሚችለው በጀቱ ነው፤ በጀቱ ውስጥ ደግሞ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያላስገባች የጉሊት ነጋዴ ሳሙና ስትገዛ የከፈለችው ግብር አለ።

በ1980ዎቹ ማብቂያ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ካዝናው በዚያ ልክ እንዳልሰፋ የተማሪው ሳህን ይመሰክራል። የአንድ ተማሪ የቀን ቀለብ ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት ማለት ነው። ከዚያ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ከፍ ብሏል። እስቲ በ100 ብር ሦስት ጊዜ ለመብላት ሞክሩ! ካፌ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሽሮው ውስጥ ሽሮ የፈለግን ሰዎች ነን።

በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ እንዲፈልጉ በር ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚው ሆኗል። በሐሳቡ አልከፋም። ግን ክፍያ ባለበት ሁሉ፣ አባቱ በሬ ሸጦ የላከውን ልጅ ማን እንደሚይዘው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ እንክፈል። ሥራ ያላገኘውን አላስጨንቅም፤ ደንቡም የሚቆርጠው ከገቢ ነው። የምጠራው የራሱን ሥራ ከፍቶ ቆራጭ የሌለበትን፣ ዋሽንግተንም ዱባይም ገብቶ ነገሩን የረሳውን ነው። ያኔ የፈረምነው ብር ዛሬ ባለው ኑሮ ለብዙዎቻችን ከአንድ ሠርግ ወጪ አይበልጥም።

አሠሪዎች፣ የቆረጣችሁትን አስገቡ። እኔ የሠራሁበት አንድ ድርጅት ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ቆርጦ አላስገባልኝም፤ ያወቅሁት ኦሪጅናል ዲግሪዬን ላወጣ ስሄድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ዳግመኛ በገዛ እጁ ከፍሎ አያውቅም ቢባል አይገርመኝም። እኔንም ለመክፈል ሳይሆን ላለመክፈል ነበር የቃጣኝ።

መንግሥትም ከጥሪው አያመልጥም። የዕቁብ ዳኛ ደብተሩን አባላቱ ፊት ይገልጣል። በየዓመቱ ከተመራቂዎች ስንት ተሰበሰበ? ወዴት ሄደ? የምንከፍለው ብር አጠቃላይ ካዝና ውስጥ ገብቶ ከሚጠፋ፣ ለተማሪ ቀለብና ለችግረኛ ተማሪዎች ድጎማ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሂሳቡም በይፋ ይውጣ። ይህን የመጠየቅ ወኔ የሚኖረን ግን የራሳችንን ስንጨርስ ነው።

የጨረሳችሁም አላችሁ። በየግቢው ተማሪዎች ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱት የበጎ አድራጎት ክበብ አይጠፋም፤ ለአንዲት ልጅ የሞዴስ፣ ለአንዱ የፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ብር የሚለምን። የተማሩበት ግቢ ደውሎ መጠየቅ አይከብድም።

የክፍላችሁ የቴሌግራም ግሩፕ አለ አይደል፣ ለሠርግና ለልቅሶ ብቻ የሚነቃው? ዛሬ ማታ «ኮስት ሼሪንግ ማን ጨረሰ?» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁን ደረሰኝ ለጥፉ።