ፕላስቲክ ከኩሬ ወደ ሰማይ

ፕላስቲክ እንደ ቅጠል ቶሎ በስብሶ አፈር አይሆንም፤ እየደቀቀ ዐይን የማያየው ብናኝ ይሆናል እንጂ። በእንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2018 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ እንዳረጋገጡት፣ በውኃ ውስጥ የሚያድገው የቢንቢ እጭ ይህን ብናኝ ይውጣል፤ አድጎ ክንፍ ባወጣ ጊዜም ብናኙ በሆዱ ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ ቢንቢን የሚመገቡ ወፎች፣ የሌሊት ወፎችና ሸረሪቶች ከዚሁ ጉድፍ ሳይካፈሉ አይቀሩም።

ስለዚህ «ወደ ውኃ የጣልሁት በዚያው ይቀራል» ማለት ከንቱ ማታለያ ነው። መድኃኒት ቢረጭ ቢንቢው ይሞታል፤ ፕላስቲኩ ግን አይሞትም። በእኛ አስተያየት የንጽሕና መጀመሪያው መርጨት ሳይሆን አለመጣል ነው። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የፕላስቲክ ጥራጊውን ከወንዝና ከኩሬ አርቆ ሊያስወግድ፣ ልጆቹንም ይህንኑ ሊያስተምር ይገባዋል።