መስተፋቅር በጠብታ አይሸጥም

ኢንተርኔት ላይ «የፍቅር ሆርሞን» የሚል የተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ሲሸጥ አጋጥሞዎት ያውቃል? ሲረጩት የራቀው ይቀርባል፣ የቀዘቀዘው ይሞቃል ይባላል። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የሻጮቹ ብልሃት ይገባኛል። ዕቃ የሚሸጠው በአንድ ትንፋሽ በሚነገር ተስፋ ነው፤ «ጠብታ ይግዙ፣ ፍቅር ይውሰዱ» ከሚል የበለጠ አጭር ተስፋ ደግሞ አይገኝም። ድሮ መስተፋቅር ፍለጋ አዋቂ ቤት ይኬድ ነበር፤ ዛሬ በካርድ ይከፈላል።

ሆርሞኑ ኦክሲቶሲን ይባላል። እናቶች ባያውቁትም ሥራውን ቀምሰውታል፤ በምጥ ጊዜ ማህፀንን የሚያኮማትረው፣ ሲያጠቡም ወተቱን የሚያፈሰው እሱ ነው። ስሙ ከፍቅር ጋር አብሮ እንዲነሳ በእጅጉ የረዳችው ግን አንዲት አይጥ ናት ብልዎት ያምኑኛል?

ፕሬሪ ቮል ትባላለች። በመካከለኛው አሜሪካና በካናዳ ሜዳዎች ሳር ውስጥ የምትኖር፣ ጅራቷ አጠር፣ ፊቷ ድብልብል ያለ ትንሽ የሜዳ አይጥ ናት። እኛ አገር የለችም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሎውል ጌትዝ የእነዚህ አይጦች ቁጥር አንዳንዴ የሚበዛው፣ አንዳንዴ የሚመናመነው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሜዳ ላይ ወጥመድ ያስቀምጡ ነበር። የተያዙትን ምልክት አድርገው ይለቋቸዋል። ታዲያ አንድ ነገር ተደጋገመባቸው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው ይያዛሉ፤ ቆይቶም ያው ወንድና ያቺው ሴት እንደገና አብረው ይገኛሉ።

ይህ የተለመደ አይደለም። ከአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች መካከል ጥንድ ሆነው የሚኖሩት ከ10 በመቶ አይበልጡም። ፕሬሪ ቮሎች ግን አንድ ጎጆ ይጋራሉ። አባትየው ከማጥባት በስተቀር ሁሉን ይሠራል፤ ልጆቹን ያሞቃል፣ ይልሳል፣ ከጎጆ የወጣውን ይመልሳል። በመልክ የምትመሳሰላቸው ዘመዳቸው ሜዶ ቮል ግን እንዲህ ያለ ትዳር አታውቅም፤ ወንዱ ከተገናኘ በኋላ መንገዱን ይቀጥላል።

ሱ ካርተርን የመሳሰሉ ሳይንቲስቶች ልዩነቱን በአንጎል ውስጥ ፈለጉ። በሴቷ ኦክሲቶሲን፣ በወንዱ ደግሞ ቫሶፕሬሲን የተባለ ሌላ ሆርሞን ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ታየ። እ.ኤ.አ. በ2004 አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የላሪ ያንግ ቡድን የቫሶፕሬሲን መቀበያ የሚሠራውን ጂን ወደ ወንድ ሜዶ ቮሎች አንጎል አስገባ። ያ መንገደኛ ወንድ ከማያውቃት ይልቅ የራሱን ሴት መምረጥ ጀመረ! እንዲህ ያለ ዜና ሲገኝ የማስታወቂያ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ፍቅር ሆርሞን ሆነ፣ ታማኝነትም ጂን ሆነ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። የልጆቹ አባት በጂን ምርመራ ሲጣራ አንዳንዶቹ ከጎጆው ወንድ አለመወለዳቸው ተረጋገጠ። አንድ ቤት መኖርና ለአንድ አካል ብቻ መታመን ለአይጥም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ይበልጥ ያልተጠበቀ ውጤት መጣ። በሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቫናንድ ማኖሊና ባልደረቦቻቸው፣ ክሪስፐር በተባለው ጂን የመቁረጫ ዘዴ፣ ኦክሲቶሲን መልእክቱን የሚያደርስበት በር ጨርሶ የሌላቸውን ፕሬሪ ቮሎች አስገኙ። እነዚህ አይጦች ማጣመር ሊያቅታቸው ይገባ ነበር። ግን ተጣመሩ፤ ወለዱ፤ የማጥባት ጉድለት ቢታይባቸውም ልጅ አሳደጉ። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌሎች መንገዶች ክፍት ነበሩ።

ይህን የምነግርዎት «ፍቅራችን አለቀ» የሚለው አነጋገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ፍቅርን እንደ መኪና ነዳጅ አድርገን ስናስብ፣ ሲቀንስ ሁለት ምርጫ ብቻ ይታየናል፤ ከውጭ መሙላት ወይም መኪናውን ጥሎ መውረድ። ከመሀል ያለው የየዕለቱ ሥራ ከዓይናችን ይጠፋል።

እዚህ ላይ እኔ ከሁሉ የምወደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚያው ከኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። ከጥንዶቹ አንዷን ለይተው ወሰዱና ቀለል ባለ የኤሌክትሪክ ንዝረት አስደነገጧት። ስትመለስ ወንዱ ምን እንደደረሰባት አላየም። ሆኖም ቶሎ ብሎ ቀረባትና ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይልሳትና ያበጥራት ጀመር። የእሱም የጭንቀት ሆርሞን ከእሷ እኩል ከፍ ብሎ ተገኘ። ለማያውቃት አይጥ ግን እንዲህ አላደረገም። ኦክሲቶሲን በአንድ የአንጎል ክፍል እንዳይሠራ ሲያግዱበት ማጽናናቱን አቆመ። እንግዲህ ሆርሞኑ ሥራ የለውም ማለት አይደለም፤ ብቻውን ቤት አያቆምም እንጂ።

ሰው አይጥ አይደለም፤ ትዳራችንም በወጥመድ አይመዘንም። የኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የዘመድ ጣጣ ያለበት ነው። ጠብና በደል ባለበት ቤት ደግሞ ማጽናናት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ አማካሪና ሽማግሌ ያስፈልጋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንራራቀው በጠብ ሳይሆን በዝምታ ነው። አንዱ ከሥራ ተሰብሮ ይገባል፣ ሌላው ከስልኩ ቀና አይልም።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይላል የአገራችን ሰው። እንግዲያው ዛሬ ማታ የትዳር ጓደኛዎ በሩን ከፍተው ሲገቡ ፊታቸውን ልብ ብለው ይዩ። ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ቡናውን አቅርበው አጠገባቸው ይቀመጡ። ይህ በብልቃጥ ስላልመጣ ማስታወቂያ የሚሠራለት የለም፤ ለዚህ ወር እኔ በነጻ ሠርቼለታለሁ።