ርካሹ ማርሚታ ስንት ያስወጣል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና የሚጣል ሳይሆን የሚጠገን ሀብት ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም አስቀድሞ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶት ነበር። ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ የሚመላለስ ባለመኪናም ያለውን እየጠገነ ከመንዳት ሌላ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው።

ችግሩ ቁጠባው ያለቦታው መሆኑ ነው። ማርሚታው ሲበሳ የሌላ መኪና ማርሚታ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይመጣና ቱቦው ተቆርጦ ይበየዳል። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተመልሶ ይገባል፤ የተበላው ማንጠልጠያ ጎማም እንዳለ ይተዋል።

ደንበኛው አሠራር ሌላ ነው። ቱቦው በመጀመሪያ ቡሎኖቹ ሳይጠብቁ ይገጠማል፤ ሻንሲውንና ወለሉን አለመንካቱ ይታያል፤ ከዚያ ከሞተሩ በኩል ተጀምሮ ወደ ኋላ ይጠብቃል። ተጣሞ የታሰረ ቱቦ ሞተሩ በተነቃነቀ ቁጥር ብየዳውን ይሰነጥቃል።

የጓርኒሲዮንና የጎማ ወጪ ከማርሚታው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። ድጋሚ ብየዳ ግን የበያጁን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም የሥራ ቀን ይበላል። ከሁሉ የከፋው ጢሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በወለል ቀዳዳ ገብቶ ተሳፋሪን ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ባለጋራዡ ዋጋ ሲናገር ማርሚታውን፣ ጓርኒሲዮኑንና ጎማውን አንድ ላይ ይቁጠር። ባለመኪናውም በዚያ ሒሳብ አይከራከር፤ መከራከር ያለበት በአገጣጠሙ ነው።