ቬንገር መጀመሪያ የነካው ሳህኑን ነበር

ቅዳሜ ከሰዓት። ዲ ኤስ ቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ጥብሱ ደርሷል፣ ድራፍቱም ሁለተኛ ዙር ገብቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው አማካይ በ90 ደቂቃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እኛስ? ከወንበራችን እስከ ሽንት ቤት። እሱም ድራፍቱ ካስገደደን ነው!

ደጋፊን ለመስደብ አይደለም። ይሄን የሚጽፈውም ሰው እዚያው ወንበር ላይ ነው የሚገኘው። ዛሬ ከውጤትና ከዝውውር ወሬ ወጣ ያልነው ቦርጩ ከደጋፊው አልፎ ቤት ውስጥ ስለገባ ነው።

አንድ አጎት አለኝ። የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ እንዲያውም የአርሰናል በሽተኛ ቢባል ይቀላል። ባለፈው ዓመት ግን የእውነት ታመመ። ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለው፣ ሌሊት አራት አምስቴ እየተነሳ ሽንት ቤት ይመላለስ ጀመር። ሲመረመር ስኳር ነው ተባለ፣ ግፊቱም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ጣፋጭ ተው፣ ቅባት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ አለው። ቤት ሲገባ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ሁለት ድስት ተጣደ። አንዱ የአጎቴ፣ ዘይት ጠብ ያላለበት ጎመንና ምስር። ሌላው የልጆቹ፣ እንደ ድሮው። እሱ ጥግ ይዞ ብቻውን ይበላል፣ ልጆቹ ጥብሱን ከለስላሳው ጋር ያጣጥማሉ። የ12 ዓመቱ ልጁ ደረጃ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል፤ ግን እሱን ማንም በሽተኛ አላለውም፣ “ተመችቶታል” ነው የሚባለው። አጎቴ ሦስት ሳምንት ታገሰና በአራተኛው ወደ ጥብሱ ድስት ተመለሰ። ማን ይፈርድበታል?

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። በጎልማሳነት የሚመጣው የስኳር በሽታ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። አባት ወይም እናት ካለባቸው ልጆቹም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ከአባትየው እኩል ጎመኑና ምስሩ የሚያስፈልገው ልጁ ነበር። እኛ ግን ጤናማውን ምግብ እንደ ቀይ ካርድ ለታመመው ሰው ብቻ መዘን ከሜዳ እናስወጣዋለን።

ይሄን ደግሞ ከአርሰናል ደጋፊ በላይ ማን ሊያውቀው ይገባ ነበር? አርሰን ቬንገር እ.ኤ.አ. በ1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት ተነስቶ ለንደን ሲገባ እንግሊዞቹ “ማን ነው ይሄ ሰውዬ?” ብለው ነበር። ያገኘው ቡድን መጠጥ የለመደ ነው። አምበሉ ቶኒ አዳምስ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በይፋ የተናገረው በዚያው ዓመት ነው። ቬንገር ገና ከመግባቱ ቸኮሌቱን አስወጣ፣ ቅባት የበዛበትን ጥብሳ ጥብስ ቀነሰ፣ የተቀቀለ አትክልት፣ ዶሮና ዓሣ አስገባ። ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ቸኮሌታችን ይመለስልን ብለው እስከ መዘመር ደርሰዋል። ሰውየው ንቅንቅ አላለም። በ1998 ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን አንድ ላይ አነሳ። አርጅተዋል የተባሉት ተከላካዮችም ዓመታት ቆዩ፤ ሊ ዲክሰን 38 ዓመት እስኪሞላው ተጫውቷል።

ልብ በሉ፣ ቬንገር ለወፈረው ተጫዋች ብቻ የተለየ ሳህን አላቀረበም። የቡድኑን ማዕድ ነው የለወጠው። እኛ ደግሞ ለዚህ ከማንም በላይ የተመቸን ነን፤ ከድሮም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው።

በምግባችን በራሱ ማፈር የለብንም። የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን ሲበላ ምን ይወጣለታል? የሚያበላሸው እጃችን ነው። ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጥ የተሠራ አይመስለንም። የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው የረጋ ቅባት ነው። ጾም ሲሆን ሥጋውን ትተን ዘይቱን እጥፍ የምናደርግም አለን። ፍራፍሬ ውድ ነው የሚል አንባቢ እውነት አለው፣ አንከራከርም። ግን ለስላሳውስ በነፃ ነው እንዴ የሚመጣው? አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 32 ግራም ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ ልጅ ምሳ ዕቃው ላይ ለስላሳና ችብስ ስንጨምርለት ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የኮካ ጠርሙሶቹን ገፍቶ ውሃ ሲያነሳ ሁላችንም ሞባይል ላይ አይተን ስቀናል። አይተን የት አደረስነው?

ይሄ የሀብታም ወሬ ነው የሚል ካለ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሀገራችንን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይመልከት። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች በአገር ደረጃ ከ100 ወደ 8ቱ ከልክ በላይ ወፍረዋል፤ በከተማ ግን ከ5 አንዷ ነች። በዚያው ጥናት ከ100 ሴቶች 22ቱ ከመጠን በላይ ከስተዋል። ረሃብና ቦርጭ አንድ አገር ውስጥ ማለት ነው።

እንቅስቃሴውስ? ልጆች በቀን 60 ደቂቃ መሮጥ መዝለል አለባቸው ይባላል። የት? የሰፈሩ ሜዳ ሕንጻ በቅሎበታል። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው ሲጀመር አስፋልቱ ላይ ኳስ ያንከባለሉትን ሕፃናት ያየ ሰው ልጆቹ ሰንፈው ሳይሆን ቦታ አጥተው እንደሆነ ይገባዋል። የክለብና የፌዴሬሽን ሰዎች ተተኪ ጠፋ እያሉ ሲያለቅሱ ይሄንንም ቢያነሱት ጥሩ ነበር።

የአጎቴ ቤት ከሁለት ወር ወዲህ አንድ ድስት ብቻ ነው የሚጣደው። የወሰነችው ሚስቱ ናት፤ ሁለት ወጥ መሥራት ሰለቸኝ ብላ። ልጆቹ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ እንደ አርሰናሎች አውቶቡስ ውስጥ ባይዘምሩም። አሁን እሁድ ጠዋት ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ይራመዳሉ፣ ልጁ ኳሱን ይዞ። አጎቴ ትንሽ ሲከሳ ታዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ተጨነቀ። ባለፈው ቅዳሜም ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ሻይ ያለ ስኳር ሲያዝ አጠገቡ ያለው ሰውዬ ዞሮ “ምነው፣ አመመህ እንዴ?” አለው።

“አዎ” አለ አጎቴ፣ “የአርሰናል ደጋፊ ነኝ።”