መጠጥህን ይዘህ ና፤ ሒሳቡን ግን ማን ይከፍላል?

ኒው ጀርሲ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። አሥር አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ የታይ ምግብ ቤት፣ በሯ ላይ «ቢ.ዋይ.ኦ.ቢ» የሚል ጽሑፍ። መጠጥህን ራስህ ይዘህ ና ማለት ነው። እንግዳው ወይኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል፣ ፓድ ታይና አረንጓዴ ከሪ ያዝዛል፣ ምግብ ቤቶች በጠርሙስ ላይ የሚጨምሩትን ዋጋ ሳይከፍል ይወጣል። «እንዴት ያለ ደግ ባለቤት ነው!» ይባላል።

ደግነት አይደለም። አማራጭ ማጣት ነው።

በኒው ጀርሲ ሕግ አንድ ከተማ አዲስ የመጠጥ ቤት ፈቃድ መስጠት የሚችለው ለ3,000 ነዋሪ አንድ በሚል ስሌት ነው። 15,000 ሰው ላላት ከተማ አምስት ፈቃድ ማለት ነው። እነሱ ከተያዙ ቀሪው መንገድ ከያዘው ሰው መግዛት ነው። ከተማው ለፈቃዱ በዓመት የሚያስከፍለው ቢበዛ 2,500 ዶላር ሲሆን፣ በገበያ ግን ያው ፈቃድ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ አንዳንድ ከተማ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ያልፋል። 100 ክፍልና ከዚያ በላይ ላለው ሆቴል ግን ሕጉ ከኮታው ውጭ በር ከፍቶለታል። ቶም ያም ለምትቀቅለው ሴትዮ በር የለም።

እስቲ አስቡት። መንግሥት በጥቂት ዶላር የሰጠው ወረቀት እንደ ቤትና መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ የግል ሀብት ሆነ። ይህ የንግድ ነፃነት ከሆነ፣ ርስት የምንለው ምን ሊሆን ነው?

የምግብ ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ትርፉ የት እንዳለ ያውቃል። ምግብ እጅ ይፈልጋል፣ ጋዝ ይፈልጋል፣ ያልተሸጠው ይበላሻል። መጠጥ ግን ተከፍቶ ይቀዳል፤ አለቀ። ኪራዩን የሚሸፍነው እሱ ነው። ፈቃድ የሌለው ያንን ገቢ ያጣል። ይባስ ብሎ የኒው ጀርሲ ሕግ እንግዳው ይዞት ለመጣው ወይን ወይም ቢራ የመክፈቻ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ብርጭቆው የባለቤቱ፣ በረዶው የባለቤቱ፣ አጣቢው የባለቤቱ። ክፍያው ዜሮ።

«ፈቃድ ከበዛ ስካር ይበዛል» የሚሉ አሉ። ወይኑ እኮ በፌስታል ገብቷል! ሕጉ መጠጡን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳውም፤ ትርፉን ብቻ ነው ያነሳው። እንዲያውም በብርጭቆ ሊያዝዝ ይችል የነበረ ሰው ሙሉ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል።

«እኛ በብዙ ገንዘብ ገዝተናል፣ ኮታው ቢነሳ እንከስራለን» የሚሉት ባለፈቃዶች ጥያቄ ግን የምር ነው። ብዙዎቹ ተበድረው ነው የገዙት። መልሱ ግን ኮታውን ለዘላለም ማቆየት አይደለም፤ ቀስ በቀስ ማላላትና ለገዙት የግብር ቅናሽ መስጠት ነው። በወቅቱ ገዥ የነበሩት ፊል መርፊ እ.ኤ.አ. በ2023 ኮታው ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ሐሳብ አቅርበው ነበር። በጥር 2024 የተፈረመው ሕግ ግን በዋናነት ሳይሠራባቸው የተቀመጡ ፈቃዶችን ወደ ገበያ የሚመልስ ነው። ኮታው እንዳለ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ጉዳዩ የታዮች ብቻ አይደለም። የታይላንድ መንግሥት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ምግቡን በዓለም ለማስፋፋት ዕቅድ አውጥቶ ይደግፋቸዋል። የእኛን እናቶችና እህቶች ማን ይደግፋል? በዚያው ግዛት የእንጀራ ቤት መክፈት የሚፈልግ ሐበሻም የሚጋፈጠው ይህንኑ ግድግዳ ነው። በቤቱ ጠጅ ጥሎ በሕጋዊ መንገድ ለእንግዳው ሊሸጥ አይችልም።

እስከዚያው እንግዳ የሆንን ሁሉ ቢያንስ ነገሩን እንወቅ። ጠርሙስ ይዞ ገብቶ አንድ ሳህን ለሦስት አዝዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ብልጠት አይደለም፤ ሌላው ሰው በከሰረው መጠቀም ነው። በወይኑ ያተረፍከውን ገንዘብ ግማሹን ምግብ ጨምርበት። ለአስተናጋጇ የምትተወውን ጉርሻ ወይኑን እዚያው እንደገዛህ አድርገህ አስላ። ድምፅ የመስጠት መብት ያለህ ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ ለግዛቱ ምክር ቤት የሚወዳደረውን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ይህ ፈቃድ የሕዝብ ነው ወይስ የጥቂቶች ርስት?