«እና ሌሎችም» የምንባለው እስከ መቼ ነው?

ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት በሚወጣው ፖስተር ላይ በኮሚቴያችን የተነሳውን ክርክር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘፋኝ ፎቶ ይተለቅ፣ የሐዋላ ቤቱና የዶራ ሱቆች ምልክት ከሥር ይደርደር፣ ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ የተለማመዱት ልጆች፣ ከበሮ የምትመታዋ፣ ግጥም የምታነበዋ ሁሉ «እና ሌሎችም» በሚለው ይጠቃለሉ ተባለ። «ሰው የሚመጣው ለዘፋኙ እንጂ ለእናንተ ስም አይደለም» ያለችን እህትም አለች። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ደግሞ ከሩቅ አገር ታሪክ አምጥቼ ልናገር ነውና ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምሠራበት ቤት ሰውዬ የድሮ የአሜሪካ ኮንሰርት ፖስተር ይሰበስባል። ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ተለብጠው ተሰቅለዋል፤ አቧራቸውን የማነሳው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዱ ብሉግራስ የሚባል ሙዚቃ ነው። ምን እንደሆነ በሞባይሌ ፈልጌ መስማት ጀመርኩ፣ ከዚያ ማንበብ። አሁንማ ለባለቤቱም የማስረዳው ነገር አለኝ፣ እሱ ባይጠይቀኝም።

እነዚህ ፖስተሮች ሲታተሙ ማንም እንደ ቅርስ አላያቸውም። በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ሀች ሾው ፕሪንት የሚባል ማተሚያ ቤት አለ። ቻርለስና ኸርበርት ሀች የተባሉ ወንድማማቾች በ1879 ከፈቱት፣ ዛሬም ይሠራል። ከእንጨት የተቀረጸ ፊደል አንድ በአንድ ይደረደራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ካርቶኑ ይጫንበታል። ሱቅ መስኮት ላይ የሚቆመው ዓይነት 36 በ56 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ወገኑ ባዶ ይተዋል፤ ቡድኑ ከከተማ ከተማ ሲዞር ቀኑና ቦታው በኋላ ይታተምበታል። ዝግጅቱ ሲያልፍ ይጣላል። ስለተጣለም ነው ጥቂቱ የተረፈው እንዲህ የተወደደው። ሃንክ ዊሊያምስ የተባለው ዘፋኝ በጃንዋሪ 1, 1953 ኦሃዮ ውስጥ ሊዘፍን ነበር፤ በመንገድ ላይ ሞቶ ሳይደርስ ቀረ። የዚያ እሱ ያልደረሰበት ኮንሰርት ፖስተር ከብዙ ዓመታት በኋላ በ150,000 ዶላር ተሸጠ። ለአንድ ካርቶን! እኔን የከነከነኝ ዋጋው አይደለም። ሰዎቹ ሁሉ ከሞቱ በኋላ የሚነበበው ያ ካርቶን ነው፤ በላዩ ያለው ስም ይተርፋል፣ የሌለው ይጠፋል።

ብሉግራስን የስደተኛ ሙዚቃ ብለው አላጋነንኩም። አባቱ የሚባለው ቢል ሞንሮ በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ። እናትና አባቱ ሞተውበት፣ በ18 ዓመቱ ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ ሰሜን ኢንዲያና ሄደና ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ በርሜል አጣቢ ሆነ። ለዓመታት በርሜል አጥቧል። በኋላ ቡድን ሲያቋቁም በአገሩ ቅጽል ስም «ብሉ ግራስ ቦይስ» አለው፤ ኬንታኪ የሰማያዊ ሣር አገር ትባላለችና። በ1939 ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የናሽቪል የሬዲዮ መድረክ ተቀበለው። በ1945 መጨረሻ ባንጆን በሦስት ጣት የሚጫወተው ኧርል ስክረግስ ሲቀላቀለው ዛሬ ብሉግራስ የሚባለው ድምፅ ተሟላ። አድማጩስ? ከተራራ ወርዶ ባልቲሞርና ዲትሮይት ፋብሪካ የገባ የገበሬና የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ብዙ ነበረበት፤ ዕረፍቱ ሲደርስ አገሩ የሚናፍቀው። ይሄንን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ባንጆው ራሱ ግን ከየት መጣ? ከምዕራብ አፍሪካ። በባርነት የተጋዙ ሰዎች ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው፣ ክር አስረው ይጫወቱ የነበረው መሣሪያ ነው ተለዋውጦ ባንጆ የሆነው። የክራራችን የሩቅ ዘመድ በሉት። ሞንሮ በልጅነቱ ከተማረባቸው ሰዎች አንዱም አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ጊታርና ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ ማዕድን እየቆፈረ በየመንደሩ ጭፈራ የሚጫወት ሰው። በ1931 ሞተ። አንድም ዘፈን አልተቀዳለትም። ሞንሮ ስሙን ያነሳለት ነበር፣ ሐቁን መናገር አለብኝ። ነገር ግን በአፍ የተነሳ ስም ተናጋሪው ሲያልፍ ይደበዝዛል። ሞንሮ ለአጎቱ ለፔን ግን ዘፈን ሠራለት፤ ስለዚህ አጎት ፔንን ብሉግራስ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

ደግሞ «ቦይስ» ማለት እኮ ወንዶቹ ማለት ነው። ከ1943 እስከ 1946 ግን ከ«ወንዶቹ» አንዷ ሴት ነበረች፦ ሳሊ አን ፎረስተር። በ1945 በተቀዳው ሸክላ ላይ የአኮርዲዮኗ ድምፅ አለ። ይሄ ብቻ አይደለም፣ ቡድኑ በድንኳን እየዞረ ሲያቀርብ የመግቢያውን ገንዘብ የምትይዘውም እሷ ነበረች። ታውቋታላችሁ አይደል? እኛም ጋ አለች፤ ጨፍራ ስትወርድ ላቧ ሳይደርቅ በር ላይ ቆማ ቲኬት የምትቆጥረዋ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቤሲ ሊ ሞልዲን ከአሥር ዓመት በላይ ባስ ተጫውታለታለች፤ ቡድኑ ያኔም «ቦይስ» ነው። ታሪክ ጸሐፊ መጥቶ «እውነተኛው ብሉግራስ የተወለደው ስክረግስ የገባ ቀን ነው» ሲል፣ ሳሊ አን ከልደቱ በፊት የመጣች እንግዳ ሆና ቀረች።

አሁን ወደ ቤት ሠራተኛዋ ልምጣ። ኤልዛቤት ኮተን የምትጫወተው ብሉግራስ አይደለም፤ ግን «ፍሬይት ትሬይን» የተባለውን ዘፈኗን የማያውቅ የብሉግራስ ተጫዋች ማግኘት ይከብዳል። ጥቁር ናት፣ የሰሜን ካሮላይና ልጅ። በልጅነቷ ሰው ቤት በወር በ75 ሳንቲም ተቀጥራ፣ ባጠራቀመችው የመጀመሪያ ጊታሯን ገዛች። ግራኝ ስለነበረች ገልብጣ ነው የምትይዘው። ዘፈኑንም ያኔ ነው የደረሰችው። ከዚያ ትዳር፣ ልጅ፣ የሰው ቤት ሥራ መጣና ጊታሩ ለብዙ ዓመታት ተረሳ። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በሲገር ቤተሰብ ቤት ስትሠራ፣ ከግድግዳ ላይ ጊታር አውርዳ ስትጫወት የቤቱ ልጆች ሰሟት። አንደኛው፣ ማይክ፣ ቀዳትና በ1958 የመጀመሪያ ሸክላዋ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን እህቱ ፔጊ ዘፈኑን እንግሊዝ ወስዳ ስትዘፍነው የሰሙ ሰዎች «ድርሰቱ የእኛ ነው» ብለው አስመዝግበውት በ1957 እዚያ ገንኖ ነበር። ስሟ የተመለሰላት ከሙግት በኋላ ነው። በ1985 ግራሚ ስትሸለም ዕድሜዋ ከ90 አያንስም ነበር።

ይሄን ታሪክ ብዙዎች «ደግ አሠሪዎች አገኟት» ብለው ያወሩታል። ደጎች ነበሩ፣ አልክድም። ግን «ተገኘች» ምን የሚሉት ቃል ነው? የሚገኘው የጠፋ ቁልፍ ነው። ሴትየዋ እነሱ ከመስማታቸው ከ40 ዓመት በፊትም ታውቅበት ነበር። እኛስ መካከል ማዳሟ አንድ ቀን ድምጿን ያልሰማች ስንት ዘፋኝ አለች?

ሄዘል ዲከንስ እስኪያገኟት አልጠበቀችም። ከ11 የማዕድን አካባቢ ልጆች አንዷ፣ ከዌስት ቨርጂንያ ተሰዳ ባልቲሞር ፋብሪካ የሠራች ናት። ከአሊስ ጄራርድ ጋር ሆና በ1965 የብሉግራስ ሸክላ አወጣች፤ ስለ ሠራተኛ ሴትና ስለ ማዕድን ሠራተኛ ሳንባ ራሷ ደርሳ ዘፈነች። ሁለቱ ብሉግራስ የክብር መዝገብ ውስጥ የገቡት በ2017 ነው። ሄዘል በ2011 ሞታለች።

ወደ ፖስተራችን። «ቦታ ይጠባል» ለሚሉ፦ የሐዋላ ቤቱን ምልክት በአውራ ጣት ልክ አሳንሱት፣ ስድስት ስም ይገባል። «ዘፋኙ ይከፋዋል» ለሚሉ፦ ስሙ ከላይ በትልቁ ተጽፎ ምን ይከፋዋል? እሱ የአውሮፕላንና የሆቴል ተከፍሎለት ይመጣል፣ እኛ መግቢያ ከፍለን እንጨፍራለን።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ኢቃማ የሌላት፣ ከአሠሪ ቤት የወጣች እህት ስሟ አደባባይ ላይ ቢወጣ ጉዳት አለው፤ ፖስተሩን ፖሊስም ያያል። ይሄ ቀልድ አይደለም። መልሱ ግን «እና ሌሎችም» አይደለም። ሳሊ አን ራሷ የመድረክ ስም ነው፤ የሴትየዋ ስም ዊሊን ነበር። የመድረክ ስም ምረጡ፣ ፎቶ አያስፈልግም። ጭራሽ አልፈልግም የምትል ካለችም ራሷ ትበል፣ ኮሚቴ አይወስንላት።

ፖስተሩ ከጳጉሜን በፊት ለሕትመት ይሄዳል። እንዲጻፍ የምትፈልጉትን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ እሑድ ከልምምድ በኋላ ስጡኝ። ለሞባይል ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ሃያ ይታተም ብያለሁ፣ ገንዘብ ያዥዋም ተስማምታለች። አንዱ ማኅበሩ ቢሮ ይሰቀላል፤ የፍሬሙን እኔ እችላለሁ።