ሳይንቲስቱ ፊልሙን አላበላሹትም

«ፊልም እኮ ነው፤ ዝም ብለህ እይ!» ይሉኛል ጓደኞቼ፣ ስህተት ባወጣሁ ቁጥር። እኔ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ኢንተርስቴላር» አስታውሱ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን አንድ ገጸ ባሕርይ ከብርሃን ፍጥነት በላይ እንዲጓዝ ፈልጎ ነበር። የሳይንስ አማካሪው፣ የፊዚክስ ሊቁ ፕሮፌሰር ኪፕ ቶርን ይህ አይሆንም ብለው ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከሩት፤ በመጨረሻ ሐሳቡን ተወው።

ታዲያ ፊልሙ ደበረን? በጭራሽ! ያ አፋችንን ያስከፈተን፣ ዙሪያውን ብርሃን የተጠመጠመበት ብላክ ሆል እንኳ የተሠራው በእሳቸው የሒሳብ ቀመር ነው። ባለሙያው ፊልሙን አሳመረው እንጂ አላበላሸውም።

የእኛም ፊልም ሠሪዎች የሐኪም ቤት ትዕይንት ከመቅረጻቸው በፊት ስክሪፕቱን ለአንድ ሐኪም ቢያስነብቡ ምን ይጎዳቸዋል?